ቀይ ነጥብ ያልተደረገባት ባትሪ

ውድ ወንድምጋሼ፣

ትናንት መጥቼ ነበር። ሚስትህ በማንኪያ ስታጎርስህ ደረስኩና "ና ግባ" ስትለኝ፣ ሥራ ይዤ ነው ብዬ ከደጃፍ ልመለስ አልኩ። ውሸቴን ነው። የእንጨት ሥራ ወርክሾፓችን ከተዘጋ አራት ወሩ፤ ምን ሥራ አለኝ? አንተ ግን ከውስጥ ሆነህ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅከኝ።

"ስማ፣ ያቺ ባትሪ ቀይ ነጥብ ነበራት እንዴ? እኔ ነኝ ሳላይ የቀረሁት?"

"እኔ እንጃ፣ አላስተዋልኩም" ብዬህ ሄድኩ።

በጥንቃቄህ ያላሾፍኩበት ቀን የለም። መብሻው ድሪል ሲግል ባትሪዋን ነቅለህ "ትረፍ፣ በትኩሷ ቻርጅ አናደርጋትም" ስትል፣ "ትራስ ላምጣላት?" እልህ ነበር። ያበጠችውን ወይም የወደቀችውን ደግሞ በሚስትህ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ታደርግባትና ጫፎቿን በናስትሮ ሸፍነህ ደጅ ያለው የአሸዋ ባልዲ ውስጥ ትከታታለህ። ባትሪ ሻጩ አሮጌዎቹን ሰብስቦ እስኪወስድ እዚያው ትቆያለች። ከቆሻሻ ጋር እንጣላት ስልህ "ቆሻሻ የሚያነሳው ሰው ይቃጠል?" አልከኝ። "ቀብር አስፈጻሚው" ብዬ ስም አወጣሁልህ፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚያው ጠራህ፤ አንተም ስቀህ አለፍከው።

ሕጋችን አንድ ነበር፤ ባትሪ ከእጁ የጣለ ይናገራል። ነጥብ የሌላት ባትሪ ደህና ናት።

ያቺን ባትሪ እኔ ጣልኳት። ካቢኔቶቹን ልናስረክብ አንድ ቀን ሲቀረን፣ አንተ ማጠፊያ ልትገዛ ወጥተህ፣ ድሪሉ ከመሰላል ላይ አመለጠኝ። በባትሪዋ በኩል ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ጥጓ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። በዚያ ወር የጣልኳት ሦስተኛዋ ነበረች። በሁለተኛዋ "እጅህ ምን ነካው?" ብቻ ብለህ ከምታልፈኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሞከርኳት፤ ሠራች። ከዚያ እንጨት ላይ እንደምናደርገው ስንጥቋን በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጌ ጥቁር ቀለም ነካ አደረግኩበት። ሥራዬ ያምር ነበር። መድፈን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

በማግስቱ ጠዋት አገላብጠህ አየሃትና ቻርጀሩ ላይ ሰካሃት። እኔ ከኋላ ክፍል ሆኜ በር እየላግኩ አየሁህ። መላጉን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይታ ማፏጨት ጀመረች፤ ጭሱ ተከተለ። "ስታጨስ አትንኳት፣ ትታችሁ ውጡ" የምትለው አንተው ነበርክ። ግን ያለቁት ካቢኔቶች መተላለፊያውን ሞልተውት ነበር፤ እሳቱ እነሱን ከያዘ እኔ መውጫ እንደሌለኝ አወቅክ። በእጅህ አፈፍ አድርገሃት ወደ ደጅ ሮጥክ። ባልዲው ጋ ሳትደርስ ፈነዳች።

ሐኪሙ ጣቶችህ ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ሲነግረን አጠገብህ ቆሜ ነበር። ያኔም አልተናገርኩም። ሊጠይቅህ ለመጣ ሁሉ "ጥፋቱ የኔው ነው፣ አላየሁትም" ትላለህ። ባለፈው ሳምንት ዓይንህን ልትመረመር እንደሄድክ ሚስትህ ነገረችኝ። ዓይንህ ደህና ነው፣ ወንድምጋሼ። ነጥብ አልነበራትም። ወንድምህን አምነህ ነው የተቃጠልከው።

በአፌ ማለት ቢያቅተኝ ነው የምጽፈው። ግን አንተ ፖስታ መክፈት፣ ወረቀት መያዝ አትችልም። ሚስትህ ታንብብልህ እንዳልል፣ ቀኑን ሙሉ ስታለብስህና ስታጥብህ የምትውል ሴት ይህንን በራሷ አንደበት ማንበብ አለባት? ስለዚህ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ እኔው ላነብልህ ነው። ነገ እመጣለሁ።

ይህ አምስተኛው ደብዳቤ ነው። አራቱ ሳላነብልህ አሁንም በኮቴ ኪስ ውስጥ ናቸው።

እጅህን ያሳጣሁህ
ታናሽ ወንድምህ