ስምሽን ለብሼ ዋልኩ

ውድ መቅሊት፣

ቅዳሜ አርባሽ ነበር፤ እኔ አልተገኘሁም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ዶሪን ሃርግሬቭ እዚህ እኛ ከተማ፣ ሴንት ፖል መጣች። አዎ፣ ያንቺዋ ዶሪን፣ እንግሊዛዊቷ የጁዶ ሻምፒዮን፣ ካሴቷን እያጠነጠንሽ መልሰሽ መላልሰሽ ታሳዪኝ የነበረችው። ከትምህርት ቤት በመኪና ስትመልሺኝ ወሬሽ ሁሉ እሷ ነበረች። "የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ ናት እኮ! ትከሻዋ ተሰብሮ ሐኪሞቹ በቃሽ ብለዋት፣ ተመልሳ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች!"

"እና ምን እናድርግላት?" እልሽ ነበር።

እሷን ለማየት ስትጠብቂ፣ ከጎረቤት ከተማ ከዉድበሪ ስትመለሺ መኪናሽ በረዶው ላይ ተንሸራተተ። እኔ ግን አየኋት።

እማዬ ልብሶችሽን በአርባሽ ለተቸገሩ ልትሰጥ በፌስታል አስራ በር ላይ አስቀምጣቸው ነበር። ከውስጡ የጁዶ ልብስሽን አወጣሁ፣ ጀርባው ላይ ስምሽ የተሰፋበትን። ለነፍስሽ ከሚሰጠው ምጽዋት ሰረቅሁ። ቤተሰቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ "እደርስባችኋለሁ" አልኩና ዶሪን ልታሠለጥን ወደመጣችበት የጁዶ አዳራሽ ሄድኩ።

ዶሪን ፀጉሯ ሸብቷል፣ ታነክሳለች። ውድድር ካቆመች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ስትገባ ግን ትልልቅ አሠልጣኞች እንደ ተማሪ ብድግ አሉ። የሁላችንንም ጀርባ እያነበበች መጣችና እኔ ጋ ቆመች።

"መቅሊት! ና እስቲ ወዲህ።"

የሴት ስም መሆኑን ከየት ታውቃለች? ላርማት አፌን ከፈትኩ። ግን ስምሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲጠራ ደስ አለኝ፤ ሳላርማት ወደ እሷ ሄድኩ።

እየደጋገመች ጣለችኝ። "መቅሊት፣ እግርህ ሰነፍ ነው! ጠዋት ሳትቀሰቅሰው ነው የመጣኸው?" ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እማዬ ስታለቅስልሽ እኔ ሳቅሁ፣ መቅሊት።

ስንለያይ እጄን ጨብጣ "በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ። ስምህን አልረሳም" አለችኝ።

አሠልጣኝሽ ሁሉንም ከዳር ሆኖ ሰምቷል። ወደ ውጭ ወሰደኝና "ነገ ጠዋት ከመብረሯ በፊት ቁርስ አብረን እንበላለን። መጥተህ አንተ ንገራት፤ እኔ አልነግራትም" አለኝ።

ልብስሽን በክንዴ ይዤ ቤት ስደርስ አክስቴ የትምወርቅ በሩን ከፈተችልኝ። "ጎበዝ! እኛ እናልቅስ፣ አንተ ታገል!" እማዬ ግን ቀና ብላም አላየችኝ።

እሑድ ጠዋት ጫማዬን ሳስር እማዬ አጠገቤ ቆመች።

"ደግሞ ወዴት ነው?"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ልብስሽን፣ ስምሽን፣ ሳቄን። ትመታኛለች ብዬ ነበር።

"እና ሴትዮዋ ልጄ መሞቷን አታውቅም?"

"አታውቅም። ልነግራት ነው የምሄደው።"

ግድግዳውን ተደገፈች።

"ጫማህን አውልቅ።"

"እማዬ፣ ውሸት ነው እኮ!"

"አውቃለሁ። አንድ ሰው እንኳ መቅሊት አለች ብሎ ይሂድ።"

አወለቅኩ። ዶሪን ሳትሰማ በረረች። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ስትመጣ በዚያ አዳራሽ ማን ብላ እንደምትጣራ አውቃለሁ። ያኔ እውነቱን እነግራታለሁ፤ ይህን ለእማዬ ግን ገና አልነገርኳትም።

ይቅር በዪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ሐብተማርያም