የአማል እንጨትና የመተማው ሦስት ሰዓት

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ አኑዋር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እናታችንስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? የጎንደር ብርድ ገባ ወይስ ገና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ አሊ ለሰሊጥ አጨዳ ሀዋታ ከወረደ ወር ሊሞላው ነው፤ እኔ ከልጄ ከአማልና ከሱቃችን ጋር ገዳሪፍ ቀርቻለሁ። ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም።

ባለፈው ደብዳቤዎ አማልን ወደ እርስዎ ልኬ ጎንደር እንድትማር ጠይቀው ሲያበቁ፣ ሣር ዳስ ሥር የተማረች ልጅ ምን ታውቃለች፣ ከሁለተኛ ክፍል እንደገና ትጀምር ይሆናል ያሉት ቃል አንጀቴን አሳርሮት ነበር። አሁን በርዶልኛል፤ ምክንያቱን ይስሙኝ።

እውነት ነው፣ የማኅበረሰባችን ትምህርት ቤት ግማሹ ራኩባ ነው፣ ያው የሣር ዳስ። መጽሐፉም አንዱ ለአራት ልጅ ነው። መምህር ጋረደው ግን፣ በደርግ ጊዜ ተሰደው እዚሁ የሸበቱት ሰው፣ መጽሐፍ ሲያጡ ገበያውን መጽሐፍ ያደርጉታል። ክፍልፋይን ያስተማሯቸው ነጋዴው እህል በሚሰፍርበት በመልዋ ነው፤ ሰሊጥ ግማሽ፣ ሩብ፣ ሲሶ እያስሰፈሩ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ሱቅ ውስጥ ስሰፍር እጄን ነው የምታየው፣ እኔ እናቷ አጉዳይ ይመስል! ለሳይንስ ደግሞ ግቢው መሐል አንድ ክንድ እንጨት ተክለው በየሰዓቱ ጥላውን እያስለኩ ደብተር ላይ ያስጽፏቸዋል። ጠዋት ይረዝማል፣ እኩለ ቀን ያጥራል። ይህንማ ዶሮም ታውቀዋለች ብዬ ስቄ ነበር።

ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን የሱዳን መንግሥት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። አገሩ ሁሉ የእጅ ሰዓቱን ሲያዞር በዋለበት ዕለት እነ አማል ጥላቸውን ሲለኩ ዋሉ። ቤት ገብታም፣ ጥላው ንቅንቅ አላለም፣ የዞረው ሰዉ ነው አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ።

አገር ቤት ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስፈልገው የመተማው ፈተና በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። ወዳጅዎ መምህር ክንፉ እንዳስታወቁን፣ ከሱዳን የሚመጡ ልጆች ጠዋት በሦስት ሰዓት ይፈተናሉ፤ ያለፈ በክፍሉ ይቀጥላል፣ የዘገየ እስከ ዓመት ይጠብቃል። ዓርብ ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን በኩል ካለችው ገላባት ወርደን የአሊ አክስት ራሒማ ቤት አደርን። የሐበሻ ሦስት ሰዓት እኛ እዚህ በኖርንበት ዘመን ሁሉ የሱዳን ዘጠኝ ነበር። ጠዋት ሰዓቴን ባየው በሱዳን ሰባት ተኩል ይላል። እስከ ዘጠኝ ገና አንድ ሰዓት ተኩል አለን፣ ወደ መተማ የሚያሻግረው ድልድይም እዚህ ነው ብዬ ሻይ ጣድኩ።

አማል ግን ግቢው ውስጥ አንድ ክንድ እንጨት ተክላ ተንበርክካለች። ጥላው ሁለት ክንድ ነው አለችኝ። በደብተሯ እንደጻፈችው ሁለት ክንድ የሚሆነው በሐበሻ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ በሦስት ሰዓት ወደ አንድ ክንድ ተኩል ይወርዳል። ሱዳን ሰዓቷን መለሰች እንጂ መተማ አልመለሰችም፣ የቀረን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው እማ አለች።

ወንድም ጋሼ፣ ከእርስዎ የምደብቀው የለኝም። እውነቷን መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ሻዩ እየፈላ ነበር። ልጅ ምን ያውቃል፣ ቁጭ በይና ጠጪ ብላት ፈተናው ያመልጣታል፣ ልጄም አጠገቤ ትቀራለች። ያለችኝ እሷው አንድ ናት። ልቤ በያት፣ በያት አለኝ። ቀና ብላ ስታየኝ ግን ፊቷ ላይ ቅንጣት ጥርጥር አልነበረም፤ እኔ በዕድሜዬ ሁሉ በምንም ነገር እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። አፈርኩ። ሻዩን ለራሒማ ትቼ እጇን ያዝኩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የተጠቀለልኩበት የሱዳን ልብስ፣ ቶቤ፣ ድልድዩ ላይ ተፈቶ የሱዳን ወታደር ሳይቀር ሳቀብኝ። ስንደርስ የመጨረሻዎቹን ስሞች እየጠሩ ነበር። ከእኛ በኋላ ከገዳሪፍ የመጡ ሁለት እናቶች የእጅ ሰዓታቸውን እያሳዩ ቢለምኑም በሩ ተዘግቶ ነበር።

ውጤቱ ትናንት ደረሰኝ። ሒሳብ ዘጠና አራት፣ ሳይንስ ዘጠና ስምንት፤ ለአምስተኛ ክፍል ብቁ ናት ይላል። ወረቀቱን አብሬ ልኬዋለሁ፤ ሁለተኛ ክፍል ያሏትን ነገር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይዋጧት። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ሲጀመር እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ። ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት ነው የሚባለው፤ ይችኛዋማ እንጨቷን ይዛ ነው የምትመጣው፣ ይጠንቀቁ።

እናታችንን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ለባለቤትዎ ለዩስራ ሰላምታዬ ከፍ ያለ ነው፣ ልጄን እንደ ልጇ እንደምታይልኝ አልጠራጠርም። ልጅዎን ሁዜይፋን ሒሳብ የምታስረዳህ መጣችልህ ይበሉት። መምህር ክንፉንም ያመስግኑልኝ።

አንድ አደራ አለኝ። ግቢዎ መሐል እንጨት ትተክላለች፤ መንገድ ዘጋ ብላችሁ እንዳትነቅሉባት። እኔም እዚህ ደጄ ላይ አንድ ክንድ ተክያለሁ፣ መለካቱንም አስተምራኛለች። የሁለቱ አገር ሰዓት ቢለያይም፣ እኩለ ቀን ላይ የእኔ ጥላ ሲያጥር፣ እሷም እዚያ ተንበርክካ እየለካች መሆኗን አውቃለሁ።

እህትዎ ሰውዳ
ገዳሪፍ፣ ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.