የማመሳከሪያው ክንድ

ጥቅምት 6
ሽቦዎቹን እንደገና ተወሳስበው አገኘኋቸው። ስንት ጊዜ ልናገር?

እንደ ወትሮው መጀመሪያ የኔ ቀኝ ክንድ ተለካ። ክንዱ ላይ የሚለጠፉ አራት ብረቶች፣ የማይሰማ ትንሽ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ክርንን አጥፎ መዘርጋት። ጡንቻው ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ይለዋወጣል፤ መሣሪያው ያንን በመስመር ይስላል። የሌላው ሰው መስመር ከኔው ጋር ይነጻጸርና ልዩነቱ ብቻ ይታያል። ጤነኛ ከሆነ ልዩነቱ ለጥ ያለ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ወጌሻዋ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያችንን እንዲህ ነው የምጠራት፤ ትናደዳለች) የከባድ መኪና ሹፌሩን አስገባች። ክንዱ ተሰብሮ የዳነ ሰው ነው። እኛ ደህና ነው ካላልን ቀጣሪዎቹ መሪ አያስጨብጡትም። መስመሩ ጥርስ አወጣ፤ እንደ መጋዝ።

"ክንድህ ይንቀጠቀጣል።"

"የኔ? ኧረ ጌታው፣ ይኸው!" ዘረጋው። ድንጋይ ነው።

"መሣሪያ አይዋሽም" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ጥቅምት 8
ዛሬም ጥርስ። ሁሉም ላይ። ወጌሻዋ ራሷ ላይ ሳይቀር። ጮህኩባት። ማጣበቂያው ደርቋል፣ ቦታውን ስተሻል፣ ሽቦው ላልቷል...

"እኔ ላይ ከምትጮህ ሽቦውን አትቀይረውም?"

ቀየርኩት። ያው ነው።

ጥቅምት 9
ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት አይታመምም። ታዲያ?

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ የራሴን መስመር ለብቻው ከፈትኩት። ጥርሱ እዚያ ነው። ግራ ክንዴን በሌሎች ሽቦዎች ለካሁ... ለስላሳ። የቀኙንና የግራውን ሽቦዎች አቀያየርኩ። ጥርሱ ሽቦውን አልተከተለም። ቀኜ ላይ ቀረ።

በሩን ቆለፍኩ። ለምን እንደቆለፍኩ አላውቅም።

ጥቅምት 10
አባባ... ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ይደፋበት ነበር። ሰፈርተኛው ጠጪ ነው ይለው ነበር፤ ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። በመጨረሻ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ያኔ ዓይኑን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

ምናልባት ድካም ይሆናል። ምናልባት...

ጥቅምት 13
ሹፌሩ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

"ጌታው፣ መኪናዬን ለሌላ ሊሰጡብኝ ነው። እስከ ዓርብ ብቻ ነው የታገሱኝ። አንዴ ደግመው ይዩኝ።"

ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰው ይጠብቀኛል ብዬው አለፍኩ። የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

እሱን ደህና ነው ለማለት የኔን መናገር አለብኝ። ዝም ብዬ ማመሳከሪያውን በሌላ ሰው ብተካስ? ወጌሻዋ "ለምን?" ትላለች። የሷ "ለምን" ደግሞ ካልነከሰ አይለቅም።

ጥቅምት 14
ሸሚዜን ስቆልፍ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች።

"ልቆልፍልህ?"

"እጅ የለኝም?"

"አለህ። ግን ሻዩ ቀዝቅዞ አንተ ገና ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ነህ።"

ከመቼ ጀምሮ እንደምታየው ጠየቅኳት። "እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት። አንተን ቀድሞ ተናግሮ ማን በሰላም ያድራል?"

ቁጭ አልኩ። እንደ አባባ ልሆን ነው አልኳት። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። አይዞህ፣ ምንም አይደለም ትለኛለች ብዬ ነበር... አላለችም። የቀሩትን ቆለፈችልኝ። ዓይኔን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ጥቅምት 15
ለወጌሻዋ ነገርኳት፤ በአንድ ትንፋሽ። "ጥርሱ የኔ ነው።"

ክርኔን ቀስ ብላ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ተሰማት። ቀልድ ትጀምራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጀመረችም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

በሷ ክንድ አመሳክረን መሣሪያው ውስጥ የተቀመጠውን የሹፌሩን መስመር እንደገና አወጣነው። ለጥ ያለ ነው። ራሴ ደወልኩለት።

"ክንድዎ ደህና ነው። ወረቀቱን ዛሬውኑ ይውሰዱ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"መሣሪያ አይዋሽም ብለውኝ ነበር እኮ።"

"አልዋሸም። የሚንቀጠቀጠው የኔ ክንድ ነው።"

"...እግዜር ይማርዎት።"

ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ስድቡ በተሻለኝ።

ኅዳር 2
ሐኪሙ ያንኑ የፈራሁትን የበሽታ ስም ጠራው። የአባባን። ክኒን ጀመርኩ።

ዛሬ የታካሚው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወጌሻዋ እጄን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ብረቶቹን ለጠፈችብኝ።

"አትንቀሳቀስ!" አለች፤ ቅንድቧን ቋጥራ፣ በኔው ድምፅ። ስንቱን ሰው እንዲህ አስደንግጬ ይሆን?

"እሱማ ቢሆንልኝ እዚህ ምን እሠራለሁ?"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መስመሩ መውጣት ጀመረ፤ ጥርስ በጥርስ። እጄ ወደ ኪሴ ሊሸሽ ከጀለው።

ከጠረጴዛው ላይ አላነሳሁትም።