ክዳኑን ያነሳን ቀን

ውድ እማዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። አንቺ ፍሪጁ ላይ ነሽ፤ አጥንትሽና አመድሽ ያለበት ነጩ ማሰሮ ማለቴ ነው። ይቅር በይኝ፣ ሌላ ደህና ቦታ አላገኘሁልሽም። መስኮቱ ጋ እንዳላስቀምጥሽ ድመቷ ትወጣበታለች። አርባ ዘጠነኛው ቀንሽ አልፏል፤ በደንቡ ቢሆን ይሄኔ ከአባዬና ከአያቴ ጋር ከቤተሰቡ መቃብር ድንጋይ ስር ነበርሽ። ለምን እንዳልሆንሽ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ከሞትሽ ጀምሮ አላለቀስኩም። ጎረቤቶች "ጠንካራ ናት" ይሉኛል። ጥንካሬ አይደለም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የሚወጉት ማደንዘዣ አለ አይደል፣ እንደዚያ ነው፤ ሲነኩኝ ይታወቀኛል፣ ግን አያመኝም። ሥራ እሄዳለሁ፣ የሰው የመቃብር ድንጋይ እተክላለሁ፣ ሩዜን እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ሆስፒታል ያልሽኝን ግን አልረሳሁም።

"ናሚኤ፣ እዚያ ውስጥ እንዳታስገቢኝ" አልሽኝ።

"የት ውስጥ?"

"የት ይሆናል! አያትሽ ያለችበት ነዋ። በቁሟ ሾርባው ጨው በዛ፣ ሩዙ ላመ፣ በሩን አጮሽው ስትለኝ ኖረች። አሁን ደግሞ ሞቼ ጎኗ ልተኛ?"

"አባዬስ?"

"እሱ መቼ ነው አንድ ቀን 'እናቴ፣ ተያት' ያለልኝ?"

ልትስቂ ስትይ ሳሉ ቀደመሽ። ከዚያ ፈገግታሽ ጠፋና በሙሽርነትሽ በጀልባ የተሻገርሽው ባሕር ላይ፣ የእናትሽ ደሴት ፊት ለፊት እንድበትንሽ ለመንሽኝ። እሺ አልኩሽ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ታላቅ ወንድሜን ያሱኖሪን ስነግረው የሻይ ጽዋውን እንኳን ከአፉ አላወረደም። "የቤቱ የበኩር ልጅ ሚስት ነበረች። ሌላ የት ልትገባ ነው? ሰውስ ምን ይላል?" አለኝ። ከዚያ የመቃብሩን ክዳን እኔ እንደማነሳው ወይስ ሌላ ድንጋይ ሠራተኛ መጥራት እንዳለበት ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ሌላ ሰው ከሚነካው ብዬ ነው እንጂ በሆዴ የያዝኩት ነገር አልነበረም። የደሴታችንን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ማሰሮ ከስር አናስቀምጥም። አጥንቱ አፈሩ ላይ ይፈስሳል፣ ከቀደሙት ጋር ይቀላቀላል። አንዴ ከፈሰስሽ ማንም ለይቶ አያወጣሽም።

በአርባ ዘጠነኛው ቀንሽ ዳክዬዎቼን፣ የድንጋይ ማንሻዎቼን፣ ይዤ ወደ መቃብሩ ወጣሁ። "አንድ ክሪክ አይበቃሽም ወይ?" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ክሪክ እኮ ከስር የሚቆምበት ቦታ ይፈልጋል፤ በመቃብራችን ክዳንና በመሠረቱ መካከል ያለው ደግሞ ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ ነው። ሲሚንቶውን በመሮ ፈልፍዬ ትንሽ አሰፋሁት። ዳክዬዋ ጠፍጣፋ ምንቃሯን እዚያ ትሰካለች፤ ጭራዋ ላይ ያለውን ብሎን በመፍቻ ስታዞሪው ውስጧ ያለው ሽብልቅ ወደ ፊት ይገፋል፣ ምንቃሯ ይከፈታል፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ድምፅ ሳያሰማ ይነሳል። በዚያ ጠባብ ደረጃ ማንሻ መኪና ስለማይወጣ ከዳክዬ ሌላ አማራጭ የለም።

ሁለት ናቸው፣ ግራና ቀኝ። አንደኛው ጋ ግማሽ ዙር፣ ቀጥሎ ሌላኛው ጋ ግማሽ ዙር። አንዱ ከቀደመ ድንጋዩ ያጋድላል፣ ከዚያ ተንሸራትቶ ይሰበራል። ሁልጊዜ አብሮኝ የሚያዞረው የሥራ ባልደረባዬ ሚታኒ ነው፤ የዚያን ዕለት ወገቡ ተይዞ ቀረ። ያሱኖሪ ጥቁር ኮቱን አወለቀና እጅጌውን ሰበሰበ።

የአባዬ እህት አክስቴ ኪኑ ጃንጥላዋን ዘርግታ የጎረቤት መቃብር ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ሱሪህን እንዳታቆሽሽ፤ የኪራይ ነው አይደል?" አለችው።

"የራሴ ነው፣ አክስቴ።"

"ታዲያ ለምን ከልክህ ሰፋ?"

ለጸሎት የመጡት የቡድሃ መነኩሴ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እኛ ጀመርን። "ያንተ" እለዋለሁ፣ ያዞራል። "ያንቺ" ይለኛል፣ አዞራለሁ። ልጆች ሆነን መንደሪን ስንለቅም ከነበረበት ጊዜ ወዲህ አብረን የሠራነው ሥራ ትዝ አይለኝም። ክዳኑ እየተነሳ እየተነሳ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ሆነ። ክዳኑን የሚደግፍ ጣውላ ላስገባ ጎንበስ ስል ውስጡን አየሁት። ጥቁር አፈር፣ እዚህም እዚያም ነጭ ነገር፣ የእርጥበት ሽታ። አባዬ የቱ ጋ እንደሆነ፣ አያቴ የቱ ጋ እንደሆነች አይለይም። ምንም አልተሰማኝም። ጣውላውን ግን አላስገባሁትም።

"ወንድምጋሼ፣ መልሰን እናውርደው። እማዬ አትገባም።"

"ምን?"

"ለምናኛለች፤ ነግሬሃለሁ። አትገባም።"

"አሁን? በሰው ፊት? መነኩሴው ቆመው?"

መነኩሴው ወደ ባሕሩ ዞሩ። አክስቴ ኪኑ ጃንጥላዋን አጠፈች። "ለእኔም ነግራኛለች" አለች። "የእኔም እናት፣ አያታችሁ፣ ስለ አማቷ ይህንኑ ብላኛለች። 'ከዚያች ሴትዮ ጋር እንዳታስገቡኝ' ብላ እጄን ይዛ። እዚያ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ አታስገቡን እያሉ የገቡ ናቸው።"

"ታዲያ ለምን አስገባችኋቸው?" አልኳት።

"እኔን ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ ይህን ድንጋይ በምን አቅሜ ላነሳው?"

ያሱኖሪ መፍቻውን እንደያዘ ቁጢጥ አለ። "አላዞርም" አለ። እኔ የእኔን ብቻ ባወርድ ክዳኑ እንደሚሰበር ገብቶታል። ስለዚህ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ድንጋዩ በሁለት ምንቃር ላይ እንደተንጠለጠለ ተቀመጥን። አንቺ ከመቃብሩ ፊት ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በነጭ ጨርቅሽ ተጠቅልለሽ ትጠብቂ ነበር።

ብዙ ቆይቶ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ናሚኤ፣ እኔም እኮ የምገባው እዚህ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። አንቺ የፈለግሽበት ትገቢያለሽ። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፣ ልጅ የለኝም፣ ሚስቴ ትታኝ ሄዳለች። አያታችን በቀርከሃ ስትገርፈኝ ማን ነበር የሚደብቀኝ? አባዬ ስሜን የሚጠራው ሲቆጣኝ ብቻ ነበር። እማዬ ከሌለች እዚህ ጨለማ ውስጥ ማን አለኝ?"

ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እማዬ። አፍንጫው ይፈስሳል፣ እጁ ግሪስ ስለነካው መጥረግ አልቻለም። ላዝንለት እንደሚገባኝ አውቄ ነበር፤ ሐዘኑን ብፈልገው አጣሁት። ዞሬ ሄጄ በእጅጌዬ አፍንጫውን ጠረግኩለት። "እሷ ቃል አስገብታኛለች። አንተ ደግሞ ገና አለህ" አልኩት። ከዚያ የተሻለ ነገር አፌ ላይ አልመጣልኝም።

ወደ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከታች የከሰዓቱ ጀልባ ገብቶ ወጣ። ያሱኖሪ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አስገባ፣ ወደ ኋላ ግማሽ ዙር አዞረ።

"ያንቺ" አለኝ።

እንዲሁ እየተቀባበልን አወረድነው። ክዳኑ ቦታው ላይ ሲቀመጥ መነኩሴው ወደ እኛ ዞረው፣ የሚገባ ባይኖርም ቀድመው ለገቡት ጸሎቱን አደረሱ። ከጸሎቱ በኋላ በነበረው ግብዣ ላይ ያሱኖሪ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። ዓሣውን በላ፣ ሳኬውን፣ የሩዝ መጠጡን፣ ጠጣ፣ እኔን አላየኝም፤ ሲሄድም ቻው አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም። እንደተቀየመኝ ይኖራል ብዬ ተውኩት።

ትናንት እሱው ደወለ።

"ጀልባ ተከራየሽ?"

"ለእሁድ።"

"ስንት ሰው ይይዛል?"

"ለምን?"

"ለምን ትላለች እንዴ! እናቴ አይደለችም?"

"ይበቃሃል፣ ና" አልኩት።

"ናሚኤ፣ የእኔ ቀን ሲደርስ እኔንም እዚያው በትኚኝ" አለኝ።

"አንተ የቤቱ በኩር አይደለህም? ሰው ምን ይላል?"

"ይበል። ድንጋዩን ለእነሱ እንተውላቸው።"

ስልኩን አስቀምጬ ማሰሮሽን ከጨርቁ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከሞትሽ ወዲህ አንድ ነገር ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስሙን ግን እስካሁን አላወቅኩትም።

እንግዲህ እማዬ፣ ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ ተገላግለሽ ብቻሽን ልታርፊ ነበር ሐሳብሽ። አልሆነልሽም፤ አንዱ ይከተልሻል። ላስቀረው እችል ነበር፣ ግን አላስቀረሁትም። ማዕበል ካልተነሳ እሁድ ጠዋት እናሻግርሻለን፤ ማሰሮውን እሱ ይይዛል፣ እኔ እከፍተዋለሁ። ጊዜው ሲደርስም እሱን በገዛ እጄ አመጣልሻለሁ። ትልቅ ሰው ሆኖ ምን ያስፈራሃል ብለሽ እንዳትቆጪው።

ልጅሽ ናሚኤ