ፀሐይ ያየው መስተዋት

እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ዛሬ ልንገርሽ። የእናታችንን ብቸኛ ፎቶግራፍ ያጠፋው ባሌ ሙሄ አይደለም፤ እኔ ነኝ። መልኳን ለማየት ቸኩዬ፣ ሙሄ ያነሳው ምስሏ ያረፈበትን፣ ገና በመድኃኒት ያልታጠበውን መስተዋት ፀሐይ ላይ አወጣሁት። እሱ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለሽ፤ አንቺም እስኪሞት አኮረፍሽው።

አሁን በሱ ካሜራ የአራዳን ሰው አነሳለሁ። መልክ ከመድኃኒቱ ውስጥ ብቅ ሲል ዛሬም እልል ያሰኘኛል። ትናንት ጎረቤቴ ሰርክአዲስ «እትዬ ነጂባ፣ ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ጉም?» ብላ ሳቀች። የካሜራው መነጽር አርጅቶ ነው አልኳት። የዘንድሮ ጋዜጣም ፊደሉን አሳንሷል።

ክረምቱ ሳይገባ በባቡር ነይልኝ፤ ቀረብ ብዬ ላንሳሽ። አላህ በደህና ያገናኘን።

ይድረስ፦ የእናታችንን መልክ ይዛ ድሬዳዋ ለምትኖረው ለእህቴ ለሸፊቃ።