ሠሪው ያልታወቀ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ ስለሚጀመር ብቻ ነው። እውነቱን ከፈለግህ፣ ሰሞኑን ስምህን መስማት አልፈልግም። ስልኩን ጆሮህ ላይ ስለዘጋሁት የቀረኝን እዚህ ልጨርስ።

እሁድ እማዬን ሙዚየምህ ይዣት ሄጄ ነበር። ጥልፏን ለአዳራሽህ ከወሰድክባት ጀምሮ "መቼ ነው የማየው?" እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች። እንደምታውቀው ድስት ጥዳ ትረሳለች፣ ከጎረቤት ቤት መመለሻው ይጠፋታል። አንድ ጠዋት እኔኑ "ማነሽ አንቺ?" ብላኛለች። ያን ጥልፍ ግን አንድም ቀን ረስታው አታውቅም። የቱን አበባ የት ቁጭ ብላ እንደጠለፈችው ሳይቀር ትነግርሃለች። ያላት እሱ ብቻ ነበር።

አዳራሽህ ያምራል፣ አልዋሽም። በወርቅ የተለበጠው ጽዋ፣ የነገሥታቱ ሰዓት፣ ባለ ሥዕሉ ሰሃን፣ ሁሉም በየዘመኑ ተደርድሯል። የእማዬ ጥልፍ መሀል ላይ በመስታወት ውስጥ መብራት በርቶለታል። "ውይ፣ የኔ!" ብላ ስትጮህ ጥበቃው ሳቀ። "እማማ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ" አላት በትህትና።

ከዚያ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችው። ማንበብ ገና አልረሳችም፤ ምነው በረሳችው ኖሮ! "ሠሪው ያልታወቀ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት። የወፏ ሰማያዊ ክንፍ የነፍስን ወደ ሰማይ መውጣት ያመለክታል።"

የነፍስ መውጣት! ቱ! አረንጓዴውን ክር ለምታበራት የወረቀት ካይት ጭራ ብለህ የጨረስክባት አንተ አይደለህም እንዴ? ክር ስላጣች ነው ክንፉን በሰማያዊ የሞላችው። ጆሮህን ስትቆነጥጥህ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስስቅ ነበር።

ደውዬ ስጠይቅህ ደግሞ ምን አልከኝ? "ለአዳራሹ መክፈቻ አንድ የመስታወት ሳጥን ባዶ ቀርቶብኝ ነው። ምን አለበት? ከነገሥታት ዕቃ ጋር መቀመጡ ለእሷም ክብር ነው።" አያሳፍርህም? እናቱን የሸጠ ሰው ሲወራ ሰምቻለሁ። እናቱን እንዳልነበረች አድርጎ የጻፈ ግን ካንተ ሌላ አላየሁም።

እማዬ ጽሑፉን ስታነብ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እኔ ጥበቃው ላይ ልጮህ ስል እጄን ያዘችኝ። "ተይ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው የጻፉት" አለችኝ። ቤት ገብተን ጫማዋን ሳወልቅላት እንዲህ አለችኝ።

"ይቅር በይኝ ልጄ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ሥራ የኔ ነው እያልኩ ሳወራ ኖሬያለሁ። እኔ የሠራሁት መስሎኝ ነበር።"

ማልኩላት፣ አለቀስኩ፣ የክሩን ነገር አስታወስኳት። ራሷን ነቀነቀች።

"ልታጽናኚኝ ነው። ወንድምሽ እዚያ አይደል የሚሠራው? የኔ ቢሆን እሱ ያጣዋል?"

ከዚያ ወዲህ ስለ ጥልፍ ስትጠየቅ አታወራም። ወረቀቱን አንሳው አታንሳው፣ ያ ያንተና የአለቆችህ ጉዳይ ነው። አንተ ራስህ መጥተህ፣ ከፊቷ ቁጭ ብለህ "ዋሽቼ ነው፣ ያንቺ ነው" በላት። እኔን አታምነኝም። የምታምነው አንተን ነው፤ አንተን ደግሞ እስካሁን በስምህ ትጠራሃለች። ሳትረሳህ ቶሎ ድረስላት።

እህትህ