ቢጫ ሹራብ የለበሰችው

መዝገቡ ወንድሜ፣

ኮልፌ የመጣሁት ሰው አጭር መንገድ በእግሩ ለምን እንደማይሄድ ላጠና ነው። ዛሬ ኮከብ የምትባል ቢጫ ሹራብ የለበሰች ተሳታፊ ፈቅዳልኝ ከሥራ እስከ ቤቷ በርቀት እየተከተልኳት ነበር። ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ግፊያው ውስጥ ጠፋችብኝ። ዘነበወርቅ ከታክሲ ስወርድ ቢጫ ሹራቧን አየሁና ተከተልኩ። ስትፈጥን ፈጠንኩ፤ ስትሻገር ተሻገርኩ። ድንገት ዞረች። ሌላ ሴት ናት! የቤት ቁልፏን በጣቶቿ መሀል አሹላ ይዛለች።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለችኝ። መታወቂያዬን ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት ጮኸች፤ አላፊ ታክሲ አስቁማ ዘላ ገባች።

ረዳቱ «አንድ ፌርማታ እኮ ነው፣ በእግርሽ አትሄጂም?» ሲላት ሰማሁ።

እኛ ሐዋሳ ከኋላችን የመጣውን ሰላም ብለን ነው የምናሳልፈው። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ። እህቴን ሉሲን ግን ለአንድ ፌርማታም ቢሆን ባጃጅ ያዢ በላት።

ዘርዓብሩክ